ዓለቱ የሚውጠው ብርሃን

ሳተላይት ወርቅ አያይም። ከአንድ ቶን ጠንካራ ዓለት ጥቂት ግራም ወርቅ ከወጣ ማዕድን ማውጫ ሊከፈትበት ይችላል፤ ያቺን ጥቂት ግራም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚለይ መሣሪያ የለም። የሚታየው ማዕድኑ የተወው አሻራ ነው።

ብረታ ብረት የተሸከመ ፍል ውሃ በመሬት ስንጥቅ ሲወጣ በዙሪያው ያለውን ዓለት ይለውጠዋል። ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ወደ ካኦሊንና ወደ ሌሎች የሸክላ ማዕድናት ይቀየራል፣ አንዳንድ ቦታ አሉናይት የተባለ ማዕድን ይፈጠራል፣ ብረት ያለበት ዓለት ደግሞ አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ይህ የተለወጠ ቀጠና ከክምችቱ ራሱ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ጂኦሎጂስቶች የሚያድኑትም እሱን ነው።

ካኦሊንና የኖራ ድንጋይ ለዓይናችን ሁለቱም ነጭ ናቸው። ዓይን በማያየው አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ግን ካኦሊን 2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ የኖራ ድንጋይ ደግሞ 2.34 አካባቢ ብርሃን ይውጣሉ። ባለሙያው የአንዱን ባንድ (የሞገድ ርዝመት ክልል) ዋጋ በሌላው ያካፍላል። የማካፈሉ ጥበብ ያለው ጥላው ላይ ነው፦ ጥላ ያረፈበት ተዳፋት በሁለቱም ባንዶች አብሮ ስለሚደበዝዝ ውጤቱ ብዙም አይዛባም፤ የማዕድኑ ልዩነት ብቻ ጎልቶ ይወጣል። በአሜሪካ ኔቫዳ የሚገኘው ኩፕራይት የተባለ ደረቅ ስፍራ በዚህ ሙያ ዘንድ እጅግ የታወቀ መፈተኛ ነው፤ አዲስ መሣሪያ ሲሠራ ካኦሊንና አሉናይቱን መለየት መቻሉ እዚያ ይታያል።

ለዚህ ሥራ ትልቁ ባለውለታ አስተር የተባለው መሣሪያ ነው። ጃፓን ሠርታው እ.ኤ.አ. በ1999 በናሳው ቴራ ሳተላይት ላይ ተሳፍሮ ወጣ። ከ14 ባንዶቹ ስድስቱ ለአጭሩ ኢንፍራሬድ የተመደቡ ነበሩ፤ የማቀዝቀዣው ችግር እ.ኤ.አ. በ2008 ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ያም ሆኖ ከዚያ በፊት የተነሱት ምስሎች ዛሬም ይሠራባቸዋል፤ ዓለት በሃያ ዓመት መልኩን አይቀይርምና። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የተላከው ኤሚት የተባለ መሣሪያ ደግሞ ብርሃኑን በ285 ባንዶች ይሸነሽነዋል። የተሠራው የበረሃ አቧራን ምንጭ ለማጥናት ቢሆንም ማዕድን ፈላጊዎችም ብዙ አትርፈውበታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ዕድሉ እኩል አይደለም። የአፋር መሬት ራቁቱን ስለሆነ ከላይ ለማንበብ የተመቸ ነው። ወርቅ ያለባቸው የምዕራብና የደቡብ ጥንታዊ ዓለቶች ግን በብዙ ቦታ ዛፍና ወፍራም ቀይ አፈር ለብሰዋል። ሳተላይቱ እዚያ የሚያነበው ቅጠሉን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ራዳር ቢያንስ የመሬቱን ቅርጽና የስብራት መስመሮችን ያሳያል፤ የወንዝ አሸዋ ናሙና ግን አሁንም የላቀ ፍንጭ ይሰጣል።

ሸክላ ሁሉ የፍል ውሃ ሥራ አለመሆኑም መታሰብ አለበት። ዝናብና ሙቀት ብቻቸውን ዓለትን ወደ ካኦሊን ይለውጣሉ፤ በምስሉ ላይ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ ካርታው ከተሠራ በኋላ ጂኦሎጂስቱ መዶሻውን ይዞ ይወጣል፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይገባል፣ ውጤቱ ደህና ከሆነ ብቻ ውዱ ቁፋሮ ይጀመራል።