ካዝናውና ሰደፉ፦ በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ምን ይለወጥ፣ ምንስ ይቆይ?

ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከተሰጠ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ ከዓመታት በፊት ያስተማርሁት፣ አሁን በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ነው። ባለፉት ዓመታት ከአገራችን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ በብዛት ለሽያጭ መቅረባቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይህ ወጣት ከእነዚህ አንዱን ገዛ፤ አያቶቻችን ወጨፎ ይሉት የነበረውን የጣሊያን ቬተርሊ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁም በቆዳ ተጠፍሯል፤ የካዝናው ሞላ ደክሟል። «መምህር፣ አዲስ ሰደፍና የተሻለ ካዝና ላስገጥምለት አስቤአለሁ፤ የትኛውን እንድመርጥ ይመክሩኛል?» ሲል ጻፈልኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መልሱን ለመጻፍ ብዙ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ምክንያቱን በገለጻዬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ጥያቄውን በሚገባው ክብር ላስተናግደው፤ ካዝና ምን እንደሚሠራ፣ ሰደፍ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ አንዱንም መምረጥ አይቻልምና። ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ብረቱን ከሥር የተሸከመውን እንጨት በሙሉ ማለቴ ነው።

ካዝና የጥይት ልክ ነው

ብዙ ሰው ካዝናን እንደ ጎተራ ያየዋል፤ ብዙ የያዘ ይበልጣል ይላል። ካዝና ግን ጎተራ አይደለም። ሥራው ማከማቸት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ጥይት በትክክለኛው ጊዜ፣ በትክክለኛው ከፍታና ዘንበል ባለ አቅጣጫ ለመዝጊያው ማቅረብ ነው። ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ፣ ጥይቱ የሚያርፍበት ማንሻ፣ ከላይ ሆኖ የሚገታው የብረት ከንፈር፣ ሁሉም ለአንድ ዓይነት ጥይት ተለክተው የተሠሩ ናቸው። አንዱ በጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት ጠመንጃው ይነክሳል።

ሦስት ምሳሌዎች እንመልከት። ለበን የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1886 ሲወጣ ጭስ አልባ ባሩድ የተጠቀመ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነበር። ካዝናው ግን ከአፈሙዙ በታች በእንጨቱ ውስጥ የተጋደመ ቱቦ ነው፤ 8 ጥይቶች ጫፍና ጫፋቸው ተያይዘው ይሰለፉበታል። በዚህ አሰላለፍ የአንዱ ጥይት ሹል ጫፍ ከፊቱ ባለው ጥይት ቂጥ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፈረንሳዮች ሹል አረር ሲያስገቡ፣ ጫፉ መለኮሻውን እንዳይነካ በቀለሁ ቂጥ ዙሪያ ቦይ አወጡለት። እዚህ ላይ ጥይቱ ለካዝናው ሲባል ተለወጠ።

ሁለተኛው በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር በብዛት የገባው ሊ ኢንፊልድ ነው። ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። የቀለሁ ቂጥ ግን ጠርዝ አለው። የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት ካልሆነ ሁለቱ ይጠላለፋሉ፤ መዝጊያው ሲገፋ ሁለቱን አንድ ላይ ይጎትታል፤ ጠመንጃውም ይቆማል። ካዝናው አዲስም ይሁን አሮጌ፣ የሚሞላው ሰው ይህን ካላወቀ ከዱላ አይሻልም።

ሦስተኛው በአገራችን ሲሞኖቭ የሚባለው ነው። ሲሠራ የማይነቀል፣ 10 ጥይት የሚይዝ ካዝና ነበረው። በአሜሪካ ገበያ ይህን አስወግደው የሚተኩት፣ ብዙ ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካዝና ይሸጣል። ብዙ ተጠቃሚዎች ግን ገዝተው ከሞከሩት በኋላ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፤ የብረቱ አካል ለተነቃይ ካዝና አልተቀረጸም፤ ካዝናው ይወዛወዛል፣ ጥይቱም ይነክሳል። የቁጥር ብልጫ የሥራ ብልጫ አይደለም።

ከእነዚህ የምንወስደው የምርጫ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። አስቀድሞ ያለውን ካዝና ማጽዳትና ሞላውን ብቻ መተካት፤ ይህ ካልሆነ ለዚያው ሞዴል በዘመኑ የተሠራ ካዝና መፈለግ፤ ይህም ካልተገኘ በልኩ የተሠራ አዲስ። አቅሙን የሚያበዛ ካዝና የመጨረሻው ነው፤ ለአሮጌ ጠመንጃም እምብዛም አይመከርም። የተመረጠው ሁሉ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ተፈትኖ ሊታይ ይገባል።

ወጨፎ የሚያስተምረን

አሁን ወደ ወጣቱ ጠመንጃ ልመለስ። የወጨፎ ታሪክ የካዝና መሻሻል ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1870 የተቀበለችው ቬተርሊ ካዝና አልነበረውም፤ ወታደሩ አንድ አንድ ጥይት እያጎረሰ ይተኩስ ነበር። ጥይቱ 10.35 ሚሊሜትር ሆኖ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ቪታሊ በተባለ መኮንን ንድፍ መሠረት የእንጨቱ ሆድ ተከፍቶ 4 ጥይት የሚይዝ የብረት ሣጥን ገባለት። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደሮች በብዛት የያዙት ይህን ባለ አራት ጥይት ጠመንጃ ነበር፤ ብዙውም በአባቶቻችን እጅ ገባ።

ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ባጠራት ጊዜ እነዚህን አሮጌዎች እንደ ገና አወጣቻቸው። በሰፊው ቱቦ ውስጥ ጠባብ ቱቦ አስገባች፤ ለ6.5 ሚሊሜትሩ ጭስ አልባ ጥይት አመቻቸች፤ የቪታሊን ሣጥን አውጥታ 6 ጥይት ከነብረት ማቀፊያቸው የሚጎርስ ካዝና ተካች። በዚህ ዓይነት ካዝና ማቀፊያው ራሱ የካዝናው አካል ነው። ያለ እሱ ጥይቶቹ የሚይዛቸው የለም፤ ስድስቱ ሲያልቁም በካዝናው ታች ይወድቃል። ስለዚህ «ካዝናዬ አይሠራም» የሚል የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ባለቤት አስቀድሞ ማቀፊያው መኖሩን ይጠይቅ። የወጣቱም ጠመንጃ ከዚህ ዓይነት ነው።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ካዝናው ተለወጠ፤ ቱቦው ተለወጠ፤ የመዝጊያው ጉጦች ግን ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠሩት እነዚያው ናቸው። ጭስ አልባው ጥይት የሚያመነጨው ግፊት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በጦርነት የተጨነቀ መንግሥት ይህን አደጋ አስልቶ ሊቀበል ይችላል፤ ዛሬ ለደስታው የሚተኩስ ሰው ግን ሊቀበለው አይገባም። አዲስ ካዝና ጠመንጃውን አዲስ ያስመስለዋል እንጂ አያጠነክረውም። ለወጣቱም ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት እንዳይተኩስበት አጥብቄ ጽፌለታለሁ።

ሰደፍ የሰው ልክ ነው

ካዝና የሚለካው ለጥይት ከሆነ ሰደፍ የሚለካው ለሰው ነው። እንግሊዞች ለሊ ኢንፊልድ ሰደፍ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም እያሉ በግማሽ ኢንች ልዩነት ያዘጋጁት ስለዚህ ነው፤ ክንዱ አጭር የሆነ ወታደር ረጅም ሰደፍ ቢሰጠው ዓይኑ ከማነጣጠሪያው ይርቃል።

ሰደፍ ሌላም ሥራ አለው። ጥይቱ ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይመታል፤ ያንን ምት ተቀብሎ ለትከሻ የሚያደርሰው እንጨቱ ነው። እንጨቱ ከደረቀና ከተኮማተረ፣ ወይም ለብዙ ዓመት ዘይት ጠጥቶ ከለሰለሰ፣ ብረቱ በእኩል አያርፍበትም፤ ምቱ አንድ ቦታ ይሰበሰብና አንገቱ ላይ ይሰነጥቀዋል። የወጣቱ ሰደፍ የተሰነጠቀውም በዚሁ ቦታ ነው።

ካዝናና ሰደፍ ተለያይተው የማይታዩበት ምክንያትም አለ። በብዙዎቹ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ካዝናውን ከብረቱ አካል ጋር የሚያይዙት ብሎኖች በእንጨቱ ውስጥ ያልፋሉ። እንጨቱ በቀጠነ ቁጥር ብሎኑ ይጠብቃል፤ ካዝናውም ወደ ላይ ይጠጋል፤ ጥይቱ መነሻ ከፍታውን ይስታል። የማውዘር ጠመንጃ መሐንዲሶች ይህን ስለተረዱ በኋለኛው ብሎን ዙሪያ ርቀቱን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት አኖሩ። ይህች ትንሽ ቀለበት የጠፋችበት ሰው ካዝናውን ሦስት ጊዜ ቀይሮ ችግሩ አልፈታለት ይላል፤ በሽታው ያለው ግን ከእንጨቱ ነው።

ሰደፍ ሲመረጥ እንግዲህ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው መጠገን ነው፤ ስንጥቁን አጽድቶ በማጣበቂያ መግጠም። የቅርስ ጥበቃ ባለሞያዎች ከቆዳና ከአጥንት የሚፈላውን ሙጫ የሚወዱት በሙቀትና በእርጥበት ተመልሶ ስለሚፈታ ነው፤ የነገው ጠጋኝ የእኛን ስሕተት ማረም ይችላል። ሁለተኛው የዚያኑ ሞዴል አሮጌ ሰደፍ አግኝቶ መግጠም ነው። ሦስተኛው አዲስ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሰደፍ ነው። ፕላስቲኩ ይቀልላል፣ እርጥበትም አይጎዳውም፤ መቆረጥና መቦርቦር የሚጠይቅ ከሆነ ግን ብረቱ እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ የተደረገው ሁሉ ሊመለስ የሚችል ይሁን።

የሕግም ጉዳይ አለ። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ መሣሪያ ለቅርስ ሰብሳቢዎች የተፈቀደውን ልዩ አያያዝ የሚያገኘው በቀድሞ ይዞታው ሲቆይ ነው፤ ካዝናና ሰደፍ መለወጥ ይህን ሊያሳጣው ይችላል። በአገራችን ደግሞ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚመራ፣ ከማናቸውም ሥራ በፊት የፈቃድ ጥያቄ ይቀድማል።

መልሱ ለምን ዘገየ

መልሱን ለመጻፍ ለምን እንደዘገየሁ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ወጨፎ ተሰቅሎ ነበር፤ ያ አሮጌው ባለ አራት ጥይት። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍርና በሚስማር ተይዟል። እኔ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ገባሁና አያቴን ላስደስት ብዬ ለአንድ አናጢ ሰጠሁት። አናጢው ከዋንዛ ያማረ ሰደፍ ሠራለት። አሮጌው እንጨት ማገዶ ሆነ።

አያቴ ሲያየው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብሎ ዝም አለ። ምን እንዳጠፋሁ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ፣ አያቴ ካረፈ ወዲያ፣ ሴት አያቴ ናት። በሰደፉ ጎን በቢላ የተቀረጹ ፊደላት ነበሩ፤ እኔ ጭረት መስለውኝ ነበር። የአያቴ ታላቅ ወንድም ስም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ዘመተ፤ ጠመንጃውን ጓደኛው ይዞለት ተመለሰ፤ እሱ ግን አልተመለሰም። መቃብሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስሙ በእጁ ተጽፎ የቀረው በዚያ እንጨት ላይ ብቻ ነበር። ብረቱ ዛሬም አለ፤ የፋብሪካው ቁጥርም ይነበባል። ቁጥሩ የሚነግረኝ ግን በጣሊያን የት እንደተሠራ ነው፤ እዚህ ማን እንደተሸከመው አይነግረኝም።

ለዚህ ነው ለወጣቱ እንዲህ ብዬ የመለስሁለት። «ካዝናህን አታስፋ፤ ሞላውን ብቻ ተካ፤ ማቀፊያውን ፈልግለት። ሰደፉን ከመንካትህ በፊት በጎን ብርሃን አራቱንም ገጽ ፎቶግራፍ አንሣ። አትፋቀው፤ በብርጭቆ ወረቀት አትሸው። ቆዳው ጥፍር የጉድለት ምልክት አይደለም፤ በአንድ ዘመን የኖረ ሰው ያደረገው ጥገና ነው። የግድ አዲስ ሰደፍ ካስፈለገህ አስገጥም፤ አሮጌውን ግን በጨርቅ ጠቅልለህ ከብረቱ ጋር አኑረው።»

ባለፈው ወር ፎቶግራፎቹን ላከልኝ። በቆዳው ሥር፣ ግማሹ ተሸፍኖ፣ መስቀልና ሁለት ፊደላት ይታያሉ። የማን እንደሆኑ አላወቅንም። ሰደፉ ግን አልተለወጠም።

ተማሪዎቼ፣ አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የትኛው ክፍል ለሥራው እንደተሠራ፣ የትኛው ደግሞ የሰው እጅ እንዳለበት። የመጀመሪያውን በልኩ ብትተኩት ዕቃው ይድናል። ሁለተኛውን ከጣላችሁት ግን የሚሸጥላችሁ ሱቅ የለም።