የዳሌ ጨረር ሕክምና፦ «ጨረሩ እያለ ደግሞ ራጁ ለምንድን ነው?»



ዛሬ ከሰቆጣ ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ እናቶችና ልጆቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች የማኅጸን ጫፍ ካንሰር ሁለተኛውን ደረጃ ይይዛል። ብዙዎች የሚመጡት በኦፕሬሽን የሚወጣበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ዋናው ሕክምናቸው ጨረር ነው። ጨረር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በፈረንጆቹ 1997 ሲሆን ለረጅም ዓመታት ሌላ ቦታ አልነበረም። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል፤ ከዋግ ኽምራ ለሚነሳ ሰው ግን መንገዱ ዛሬም ሩቅ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ተጉዘን ጨረሩ ዒላማውን እንዳይስት ምን ይደረጋል?

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ታካሚዋ ተኝታ ሲቲ ስካን ትነሳለች። ሐኪሞቹ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚያቅዱት በዚያ ምስል ነው። ቆዳዋ ላይም ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለ5 ሳምንት፣ 25 ጊዜ ትመላለሳለች። በየቀኑ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን መተኛት አለባት።

ችግሩ ቆዳ ይንሸራተታል፣ ሰው ይከሳል፣ ወገብ ትንሽ ዘንበል ይላል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በማሽኑ ላይ ራጅ አንስተው የዳሌ አጥንቷን ከዕቅዱ ጋር ያስተያያሉ። በሚሊሜትር የሚቆጠር ልዩነት ካለ አልጋውን ያስተካክላሉ። ይህ ምስል ተጨማሪ ሕክምና አይደለም፤ የሚሰጠው ጨረርም ከሕክምናው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

ግን አጥንት ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ማኅጸን በሽንት ፊኛና በፊንጢጣ መካከል ነው ያለው። ፊኛ ሲሞላ ይገፋዋል፣ ሲጎድል ይመለሳል። አጥንቱ ቦታው ላይ ሆኖ ማኅጸኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በማሽኑ ላይ ሲቲ የሚያነሱ ዘመናዊ መሣሪያዎች ይህንን ያሳያሉ፤ ተራው ራጅ ግን አያሳይም። «ውኃ ጠጥተሽ ነይ» የሚባለው ለዚህ ነው። የሞላ ፊኛ አንጀትንም ከጨረሩ ያርቃል።

ስለዚህ እነዚህን አስታውሱ፦

👉 ውኃውን በተነገራችሁ መጠንና ሰዓት ጠጡ። ጾም ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለባለሙያዎቹም ንገሩ። ሳይጠጡ ገብቶ ዝም ማለት ግን ጉዳት አለው።

👉 ምልክቱን ሳሙና አታስነኩት። ጠበል ከመጠመቃችሁ በፊት ጠይቁ። ከደበዘዘ በራሳችሁ አትቀቡት፤ ለባለሙያው አሳዩ።

👉 የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ አትፈሩ፣ አትፈሪ ተናገሩ። የሆድ ድርቀትና ጋዝ የማኅጸኑን ቦታ ይለውጣሉ።

👉 እናታችሁ ኽምጣኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ የሚያስተረጉም ሰው አብሯቸው ይሂድ። «አይንቀሳቀሱ» የሚለው ቃል ካልገባቸው የተስተካከለው ሁሉ ይበላሻል።

👉 «በዓል ደርሷል፣ ቤቴን አይቼ ልምጣ» ብላችሁ አታቋርጡ። ከውስጥ የሚሰጠውን ጨረር ጨምሮ ሕክምናው በ8 ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ሲጓተት የመዳን ዕድል ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ልጆችን አደራ የምላችሁ አለ። እናቶቻችን «ሐኪሙን አላስቸግርም» ብለው ብዙ ነገር ይደብቃሉ። ስለ ሽንትና ስለ ማኅጸን በልጃቸው ፊት ማውራትም ያፍራሉ። ስለዚህ እህት ወይም አክስት አብራቸው ብትሄድ ይቀላቸዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚህ ደረጃ አለመድረስ ነው። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ እህቶች፣ ምንም ሕመም ባይኖርም የማኅጸን ጫፍ ቅድመ ምርመራ አድርጉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን ክትባትም ለሴት ልጆቻችሁ አስከትቡ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጨረር ለመጀመር የተዘጋጀ ዘመድ ያለው ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!