መረንዝ፦ ቀስትም መርፌም የተዋሰው ዛፍ

የአይጥ መድኃኒት፣ የልብ መድኃኒት። አማርኛ ገዳዩንም አዳኙንም በአንድ ስም ይጠራል። ለሁለቱም የሚሆን ተክል ከተፈለገ ደግሞ መረንዝ አለ።

መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ፣ በየተራራው ጥግና በደረቅ ቁጥቋጦ መካከል የሚበቅል ትንሽ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ወፈር ያለና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። አበባው ነጣ ብሎ ሮዝ የቀላቀለ፣ መዓዛው የሚያውድ ሲሆን ፍሬው ሲበስል ወይን ጠጅ ይመስላል። ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ይወጣዋል። በሳይንስ ስሙ አኮካንቴራ ሺምፐሪ ይባላል። ስሙ የተወሰደለት ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረና በ1878 አድዋ ላይ ያረፈ ጀርመናዊ ነው።

ዛፉ ስም ያወጣው በቀስት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከመረንዝና ከቅርብ ዘመዶቹ ያዘጋጁትን መርዝ የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ሶማሌዎች መርዙን ዋባዮ ይሉታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ንጥረ ነገሩን ለይቶ ሲያወጣ ያንኑ ቃል ወስዶ ኡዋባይን አለው።

ኡዋባይን የሚሠራው እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ላይ እንደ ፓምፕ የሚሠራ ፕሮቲን አለ፤ በአንድ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ኡዋባይን ይህን ፓምፕ ያግደዋል። ሶዲየም በሕዋሱ ውስጥ ሲከማች ካልሲየምም መውጫ እያጣ ይበዛል፤ ጡንቻ የሚኮማተረው ደግሞ በካልሲየም ነው። መጠኑ ትንሽ ከሆነ የደከመ ልብ በርትቶ ይመታል። ከልኩ ካለፈ ግን ምቱ ይዛባል፣ ከዚያም ይቆማል። የሚያድነውም የሚገድለውም ያው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው።

ሌላም ጠባይ አለው፤ በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። አዳኞች በመርዝ የገደሉትን እንስሳ ሥጋ መብላት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ሐኪሞች በ20ኛው መቶ ዘመን ለልብ ድካም ሲያዙትም በደም ሥር በመርፌ ይሰጡት ነበር። ይህ ሲባል ተክሉ በአፍ ቢገባ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ቅጠሉን የበሉ ከብቶች ሞተዋል።

ኡዋባይን ፓምፑን ለመለየትም ረድቷል። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ከሸርጣን ነርቭ አንድ ኢንዛይም አግኝቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት አንድ የሙያ ባልደረባው ኡዋባይን ያግደው እንደሆነ ሲጠይቀው ስኩ የኡዋባይንን ስም እንኳ አያውቅም ነበር። ሞከረው፤ ታገደ። ያገኘው ያ ፓምፕ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ፤ በ1997 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ጋር ተካፈለ።

ከዚህ ዓይነት መድኃኒት ዛሬ ሐኪም ቤት የሚታዘዘው ዲጎክሲን የተባለው ኪኒን ነው። የሚገኘው ዲጂታሊስ ከተባለ የአውሮፓ ተክል ሲሆን የሚያግደውም ያንኑ ፓምፕ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ስለ ዲጂታሊስ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሕመምተኞቹ ሲጽፍ ብዙ የተጨነቀው ስለ መጠኑ ነበር። የተለመደው የዲጎክሲን ኪኒን የሚይዘው 0.25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ሕመምተኛው ክትትል አይለየውም። ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ብዥታ ወይም ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት መጠኑ እንዳለፈ ምልክት ነው።

የመረንዝ ቅጠል እንዲህ ያለ መለኪያ የለውም። የመርዙ መጠን ከዛፍ ዛፍ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። በአገራችን ባህላዊ ሕክምና ቅጠሉ ለቆዳ ሕመምና ለቁስል ይውላል፤ «ከላይ ብቻ ነው የሚቀባው» የሚል ማጽናኛም አብሮት ይነገራል። የቀስቱ መርዝ እንስሳውን የሚጥለው ግን በአፉ ገብቶ ሳይሆን በተከፈተ ቁስል በኩል ነው። አዳኙ ይህን ከኬሚስቱ በፊት ያውቅ ነበር።