ከባህል ልብሱ ወዲያ ልጆቻችን ምን ይማራሉ?

በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ተማሪዎች የየባህሉን ልብስ ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ። ይጨፈራል፣ ቆጮው ይቀመሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ልብሱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ስለ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ የሚያነሣ የለም። ለመሆኑ የሲዳማን ልብስ ለብሶ የዋለው ልጅ ስለ ሲዳማ ምን ዐወቀ? መምህር እንደመሆኔ ይህን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «ጭፈራቸው ያምራል» የሚል ነው።

የሌላውን ባህል ማስተማር ከዕውቀቱ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ። ለዚህም ከዘመን አቆጣጠር የተሻለ በር አላገኘሁም።

የሲዳማ አዲስ ዓመት ፊቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ይወስናሉ፤ የጎሳ ሽማግሌዎችም ለሕዝቡ ያውጃሉ። በዋዜማው ሰዉ ሁሉቃ በሚባል ከእርጥብ ቀርከሃ በተሠራ በር ሥር ያልፋል፤ በየቤቱም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ቡርሳሜ ይሠራል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የቦረና አያንቱዎችም እንዲሁ ወራቸውን በጨረቃና በከዋክብት ይቆጥራሉ፤ 27 የቀን ስሞችም አሏቸው።

የረመዳንን ጨረቃ ደጅ ወጥቶ የጠበቀ ልጅ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ከአደይ አበባ ጋር ነው፤ ረመዳን ግን ለምን አንዴ በክረምት አንዴ በበጋ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። ሒሳቡን ክፍሉ ራሱ ሠራው። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን ወቅቶችን ሁሉ በ33 ዓመት ገደማ ይዞራል። የራሷን ጾም በደንብ የተረዳችው የሌላውን በዓል ስታጠና ነው።

አንዳንድ ወላጆች ግን ይሠጋሉ። «ልጄ የሌላውን በዓል ሲማር በዲኑ ይላላል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱን አልንቀውም፤ ልጅ አደራ ነውና። ነገር ግን አንድን በዓል ማወቅ ሌላ፣ በአምልኮው መካፈል ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብን ሳቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ማዘዛቸው በሐዲስ ተላልፏል። አቡ ረይሃን አልቢሩኒም በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ የፋርሶችን፣ የግሪኮችን፣ የአይሁዶችን፣ የክርስቲያኖችንና የሌሎችንም ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠርና በዓላት በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧል። በኋላም ሳንስክሪት ተምሮ ስለ ሕንድ ሲጽፍ ሂንዱዎቹ የሚሉትን እነርሱ እንደሚሉት አድርጎ ለማቅረብ ደክሟል። ሙስሊምነቱም አብሮት ቆይቷል።

ጉዳዩ የሚከብደው ግን በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ለሆነው ልጅ ነው። የቤቱ ነገር በዓመት አንድ ቀን መጨፈሪያ ብቻ ሆኖ ሲቀርብ አንገቱን ይደፋል፤ ቋንቋውንም በጓደኞቹ ፊት መናገር ይተዋል። መምህሩ «አያትህ ቀኑን በምን ያውቁታል? ጠይቅና ንገረን» ሲለው ግን ሰኞ ጠዋት እጁን ቀድሞ የሚያወጣው እርሱ ነው። እኛ ሙስሊም ወላጆችም የዒድ ቀን ለምን አስቀድሞ በቁርጥ እንደማይታወቅ ልጆቻችን ለክፍል ጓደኞቻቸው እንዲያስረዱ እናዘጋጃቸው፤ በየዓመቱ መጠየቃቸው አይቀርምና።