ልጅ ከሱፐርማን ምን ይወስዳል?

ልዕለ ጀግኖች ልጆችን ያበላሻሉ ወይስ ያበረታሉ የሚለው ሙግት በአሜሪካ ሰባ ዓመት አልፎታል። ያጋጋለው የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርትሃም ነው። በ1954 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የኮሚክ መጽሔቶች ልጆችን ለወንጀል ይዳርጋሉ አለ፤ ሱፐርማንንም ከፋሺዝም ጋር አያይዞ ነቀፈው። የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩን ሰማ፤ አሳታሚዎችም በዚያው ዓመት የራሳቸውን የሳንሱር ደንብ አወጡ። ወርትሃም ለልጆች ግድ የሌለው ሰው አልነበረም፤ በሃርለም ድሆችን በትንሽ ክፍያ የሚያክም ክሊኒክ ነበረው። ይሁንና በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ ሰነዶቹን መርምራ፣ ልጆቹ የነገሩትን ለድምዳሜው እንዲመቸው አድርጎ መለዋወጡን አሳየች።

የባሰው ስህተቱ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ የሱፐርማንን ጉልበት አየ፣ ጉልበቱን የደበቀውን ሰው አላየም።

ሱፐርማንን የፈጠሩት የክሊቭላንዶቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። በ1938 ለኅትመት ሲበቃ መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ጀግናቸው ዓለሙ የጠፋበት፣ ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ ወደማያውቀው ምድር የላኩት ስደተኛ ነው። ቀን ቀን ክላርክ ኬንት ይባላል፤ መነጽር ያደረገ፣ ዓይን አፋር ጋዜጠኛ። በመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ባልደረባው ሎይስ ሌን ክላርክን ትንቃለች፣ ሱፐርማንን ትወዳለች። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አንባቢው ያውቃል፤ እሷ አታውቅም። ለኳስ ቡድን ሲመራረጡ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚቀር ልጅ ይህን ሲያነብ «እኔም ያላወቁልኝ ነገር አለኝ» ብሎ ይጽናናል።

የኋለኞቹም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ባትማን ወላጆቹ ዓይኑ እያየ የተገደሉበት ልጅ ነው፤ ስፓይደርማን አክስቱ ቤት የሚኖር ወላጅ አልባ ተማሪ። በ2018 የወጣው የኢትዮጵያዊው ኮሚክ «ጀምበር» ባለታሪክም ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ የነበረ ወጣት ነው።

ጥናቶቹስ? በ2017 የወጡ ሁለት ጥናቶች ለየቅል ናቸው። አንደኛው 240 ያህል ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናትን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ልዕለ ጀግኖችን አብዝተው የሚወዱት ይበልጥ ጠበኞች ሆነው አገኘ፤ የተጠቃ ልጅን ለመከላከል ግን ከሌሎቹ አልተሻሉም። ሌላው የ4 እና የ6 ዓመት ልጆችን አሰልቺ የኮምፒውተር ሥራ ሰጥቶ፣ የሚያማልል የአይፓድ ጨዋታ አጠገባቸው አኖረ። ከልጆቹ አንድ ሦስተኛው ባትማንን የመሰለ ገጸ ባሕርይ ሆነው እንዲሠሩ ተነገራቸው፤ መለያ ልብሱን አጥልቀው፣ በየመሀሉ «ባትማን በርትቶ እየሠራ ነው?» እያሉ ራሳቸውን ጠየቁ። ከሁሉ የበለጠ የጸኑት እነሱ ናቸው።

ሁለቱ የተጣሉ አይመስለኝም። የአራት ዓመት ልጅ ከፊልሙ ላይ በቀላሉ የሚያገኘው ቡጢውን ነው። የክላርክ ኬንትን ትዕግሥት ለማየት ዕድሜ ይጠይቃል፣ አለዚያም አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠይቀው ሰው።