ኤምቢኤ ለመማር ያሰባችሁ፣ ማታ ሂዱና እዩት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ኤምቢኤ የት ልማር?" የምትሉኝ በዝታችኋል። እኔም ራሴ ፈላጊ ስለሆንኩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ዞሬ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ማስታወቂያ አይደለም፤ የከፈለኝም የለም።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው። የግል ኮሌጅ ከሆነ የእውቅና ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው የሚሰጠው። አንድ ቦታ (ስሙ ይቆይ) ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለው ፈቃድ የሌላ ካምፓስ ሆኖ አገኘሁት። ስጠይቅ "ያው እኮ ነው ወንድሜ" አለችኝ መዝጋቢዋ። ያው አይደለም። ከተጠራጠራችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተናው፣ ማለትም ለጋት፣ ቀኑ ሳያልፍባችሁ ተመዝገቡ። የፈተናውን ሒሳብ ከረሳችሁት ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትምህርት ቤቱን ጠዋት ሄዳችሁ አትዩት። ጠዋት የምታገኙት ሬጅስትራርና ብሮሹር ነው። ከሥራ ወጥተን የምንማር ሰዎች የምንኖርበት ሰዓት ማታ ነው፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ላይ ተገኙ። ባጅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የሚሮጠው የባንክ ሠራተኛ ያኔ ይመጣል። መምህሩ በሰዓቱ ገባ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል ወይስ ክፍሉ ይበተናል? ማታ ሁለት ተኩል ላይ ስትወጡስ ታክሲ አለ? ይሄ የመጨረሻው ተራ ጥያቄ ይመስላል እንጂ፣ ቤቱ አያት ሰፈር የሆነ ሰው ትምህርቱን የሚያቋርጠው በስታትስቲክስ ሳይሆን በታክሲ ሰልፍ ነው።

በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ገብታችሁ ተማሪዎቹን አነጋግሩ። "ጎበዝ መምህር ማነው?" ካላችኋቸው ሁሉም አንድ ስም ይጠሩላችኋል። ያ ሰው እናንተን እንደሚያስተምራችሁ አረጋግጡ። "እንግዳ መምህር" የሚባል ነገር አለ፤ ስሙ ብሮሹሩ ላይ አለ፣ ሰውየው ግን የለም።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመክረው የመመረቂያ ጽሑፎቹን መደርደሪያ እንድታዩ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ካስገባችሁ ርእሶቹን ብቻ አንብቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይም ታገኛላችሁ። "የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ" የሚለው ርእስ በየኮሌጁ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ባንኩ ይቀየራል፣ ቅርንጫፉ ይቀየራል፣ መጠይቁ ግን ያው ነው፦ ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በጣም አልስማማም"። ከዚያ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር፣ ከዚያ ማጠቃለያ፣ ከዚያ ጥቁር ጋዋን። በሰዎቹ አልፈርድም። ባንክ ውስጥ ለሚሠራ ሰው መረጃ የሚገኘው እዚያው ነው፣ ጊዜም የለውም። ትምህርት ቤቱ ግን ሌላ ነገር እንዲያዩ ገፋፍቷቸዋል ወይ? እኔ የምለካው በዚህ ነው።

ምክንያቱም ሌላ የሚታይ ነገር እዚሁ ሞልቷል፤ ያለነው አራዳ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚህችው ከተማ ነው (ዛሬ በዚህ ስም ከምናውቀው ባንክ ጋር አንድ አይደለም)። በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ የሃምሳ ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጥቶት ነበር። ተፎካካሪ የለውም፣ መንግሥት ከጎኑ ነው፤ ግን ሕዝቡ ብሩን በእጁ መያዝ ይወድ ነበርና እንደታሰበው አልሆነለትም። በ1923 ዓ.ም. ተገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ብቸኛ መብት ይዞ ገበያ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሃርቫርድ ማስመጣት አያስፈልግም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም እዚሁ ነው። በገንዘብ ከፍሎ ሰው ፊት መብላት እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ምግብ መሸጥ የጀመረ ቤት ነው። ደንበኛን አዲስ ልማድ ማስለመድ ማለት ይሄ ነው፤ ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ግን ስለ ኮካ ኮላ ነው የምንሰማው።

ቅርብ ጊዜውንም እንይ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ሰፈር ሙሉ ሲነሳ፣ ዓመታት የቆዩ ሱቆች ከነደንበኞቻቸው ተበተኑ። አካውንቲንግ የተማራችሁ ጉድዊል የሚባለውን ታውቃላችሁ፦ ከዕቃውና ከሱቁ በላይ ያለው የስም ዋጋ። ስሙ "ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ" የሚል አድራሻ ላይ የተንጠለጠለ ወርቅ ቤት ሌላ ክፍለ ከተማ ሲሄድ ስንቱ ደንበኛ ይከተለዋል? እቁቡስ፣ ዱቤውስ፣ ወረቀት የሌለው መተማመንስ አብሮ ይሄዳል? መጠይቅ በትኖ የሚገኝ መልስ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ነጋዴውን መስማት ይጠይቃል።

ይሄንኑ እንደ መመረቂያ ርእስ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አንድ መምህር አግኝቼ አነሳሁለት። "ጥሩ ርእስ ነው፣ ግን ዳታ አታገኝም" አለኝ። ሌላ ቦታ ያገኘኋት መምህርት ደግሞ "ነጋዴዎቹን ታውቃቸዋለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሰፈሬ ነው አልኳት። "እንግዲያው ከአስተያየት ቅጽ ይልቅ አምስት ነጋዴ ረጅም ሰዓት አነጋግር፤ የሒሳብ ደብተራቸውን ካሳዩህ ደግሞ ከብዙ መጠይቅ ይሻልሃል" አለችኝ። የት ፎርም እንደወሰድኩ ገምቱ።

ግን ከመክፈሌ በፊት አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ማወቅ። መምህርቷ ተማሪ በጣም ከበዛባት ለሌላ ሰው እንዳይመድቡኝ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። እናንተም ይሄን ጥያቄ ከክፍያው በፊት አንሱት፤ ከከፈላችሁ በኋላ "ዲፓርትመንቱ ይወስናል" ነው የሚሏችሁ።