አየሩን ያቀጠነው ማነው?

ሰሞኑን ያቺ ወሬ ተመልሳ መጥታለች። «በኮሮና ጊዜ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ አየር ላይ ያለው ካርቦንዳይኦክሳይድ መጨመሩን አላቆመም፤ ስለዚህ ከሰው የመጣ አይደለም» የምትለዋ። ግማሿ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ የለካው መጠን ከቀደመው ዓመት በልጧል። ቀሪው ግማሽ ግን ግቢው ውስጥ የውሃ ሮቶ ያለውን ሰው ሁሉ ሊያስቀው ይገባል። ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ከመቶ አምስት ስድስት እጅ ቢቀንስ ሮቶው መሙላቱን ይተዋል? በዚያ ዓመት የዓለም ልቀት የቀነሰው ይህንኑ ያህል ነው። ዕፅዋትና ውቅያኖስ ብቻቸውን ዓመታዊውን ጭማሪ ከዚያ በሚበልጥ መጠን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ አየር ላይ ያለው ጋዝ ከየት እንደመጣ ይለያል ወይ? ይለያል።

  

መለያው ካርቦን 14 ይባላል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራና ኦክስፎርድ ላይ ዕድሜው የተገመተው በዚሁ ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በላይኛው አየር ይፈጥረዋል፤ ከአንድ ትሪሊዮን የካርቦን አቶሞች አንዷ ብትሆን ነው። ዛፉ፣ ላሟ፣ እኛም ይህችን ድርሻ ይዘን እንኖራለን። ከሞትን በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰች ትሄዳለች። ድንጋይ ከሰልና የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬት በታች ሚሊዮን ዓመታት ስለከረሙ አንዲትም አልቀረችላቸው።

እንግዲህ ወተትና ውሃን አስቡ። ወተት ላይ ውሃ የጨመረ ነጋዴ ጣሳውን ከፍ ያደርገዋል፤ ወተቱ ግን ይቀጥናል። ጣሳውን ብቻ የሚያይ ገዢ ይታለላል፣ ቅጥነቱን የሚለካ አይታለልም። ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን 14 ስለሌለው ለአየሩ እንደዚያ ውሃ ነው። ትውልደ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ሃንስ ዙስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዛፍ እንጨት መርምሮ አየሩ መቅጠኑን አሳየ። ዛሬ ጥሩ ቤተ ሙከራ፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል ከነዳጅ የመጣችውን አንዷን ያህል ይለያል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሣሩ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ካፑኒ የሚባል የከብት አገር አለ፤ ከግጦሹ መሃል የተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ ቆሟል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ካርቦንዳይኦክሳይድ ስለሚበዛበት፣ ማጣሪያው እሱን ለይቶ ወደ አየር ይለቀዋል። በጆስሊን ተርንቡል የተመሩ ተመራማሪዎች ነፋሱ ከሚሄድበት በኩል ሣር እያጨዱ ካርቦን 14ቱን ለኩ። ቅጠል ጋዙን የሚስበው ፀሐይ ሳለ ብቻ ነው፤ የሳበውንም ሥጋው ያደርገዋል። ስለዚህ አንዲት የሣር ዘለላ ባደገችባቸው ቀናት የተነፈሰችውን አየር አማካይ ይዛ ትቆያለች። መሣሪያ አያስፈልግ፣ መብራት አያስፈልግ፣ ዘበኛ አያስፈልግ፤ ማጭድና ከረጢት ይበቃሉ። ቅጥነቱ ከታወቀ በኋላ የነፋሱን መንገድ ወደ ኋላ በስሌት ተከትሎ ጢስ ማውጫው በሰዓት ስንት እንደለቀቀ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ከፋብሪካው የራሱ መዝገብ ጋር ከ10 በመቶ ባነሰ ልዩነት ገጠመ።

የሳተላይት ወዳጆች እዚህ ላይ ይነሡብናል። ኦሲኦ ሁለት የተባለችው የናሳ ሳተላይት የፖላንዱን ትልቅ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ፣ ቤውሃቱፍን፣ ልቀት ከሰማይ ለክታለች፤ ይህን አልክድም። የምታየው ግን ጠባብ ሰቅ ነው፤ ደመና ካለ ደግሞ ጭራሽ አታይም። እኛ የካርቦን 14 ወዳጆችም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። የካፑኒው ማጣሪያ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ፋብሪካ ነው፤ ከተማ እንደዚያ አይደለም። የነፋሱ ስሌት ከተሳሳተ ሣሩ የቱንም ያህል እውነት ቢናገር ድምሩ ይሳሳታል። የኒውክሌር ማመንጫዎች ካርቦን 14 ስለሚለቁ በአቅራቢያቸው ወተቱን መልሰው ያወፍሩታል። የድንጋይ ከሰሉን ከናፍጣው መለየትም በዚህ ብቻ አይቻልም፤ ሁለቱም እኩል ባዶ ናቸውና።

ከሁሉ የባሰው ስሕተት ዘዴውን ለሁሉም ጢስ መውሰድ ነው። በክረምት አዲስ አበባ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ከሰሏ ከትናንት ወዲያ የቆመ ዛፍ ነበር፤ ካርቦን 14ቱ ሙሉ ነው፣ ጢሱ ዓይን ቢያስለቅስም አየሩን አያቀጥንም። አጠገቧ ሞተሩን ሳያጠፋ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሚኒባስ ነው የሚያቀጥነው።